ብዙኃኑ ኀ እና የአባቴ መጋዝ

«ቢት ሚኑ?» አለኝ የበሩ ጠባቂ። የማን ልጅ ነሽ ማለቱ ነው።

ገዳሪፍ ዳር ባለው በሐጃ ዘይነብ የወተት ላሞች ግቢ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ከስንት ዘመን በኋላ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበረ። ነገር ግን ከጠባቂው ኋላ አንድ ሽታ መጣና አፌን ያዘኝ። ውሃ የነካው ኡምባዝ ሽታ ነው፤ ሰሊጥ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ ለላም የሚሰጠው ፋጉሎ። ከትኩስ የእንጨት ብናኝና ከቤንዚን ጋር ተደባልቋል። ውስጥ አንድ ሰው በሞተር መጋዝ እንጨት ይቆርጥ ነበር። ድምፁን ብቻ ሰምቼ ሰንሰለቱ መሞረድ እንዳለበት አወቅሁ። ታዲያ ብኮራ ይፈረድብኛል? የደሳለኝ ልጅ ነኝ።

አባቴ ደሳለኝ የጭልጋ ሰው ነው። በልጅነቱ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዳዊት ደግሟል፤ የቀረውን ትምህርት የጨረስኩት በመጋዝ ነው ይላል። የማወራው ዓመት እሱ፣ እናቴና እኔ በዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ከመኖ መጋዘኑ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። እናቴ ላሞቹን ታልባለች። አባቴ በረቱን ያድሳል፣ አጥሩን ይጠግናል፣ እንጨት የሚያስቆርጥ ሰው ሲመጣም ብርቱካንን ተሸክሞ ይሄዳል። ብርቱካን መጋዙ ናት። ቀለሟን አይቶ ነው ስም ያወጣላት። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው «ደሳለኝ ብርቱካንን ይዞ ሀዋታ ሄደ» ሲባል ሰምቶ ለእናቴ ሲያዝንላት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ብርቱካንን የገዛት ኒው ሀልፋ ሠርቶ ነው። እዚያ መስኪት የሚባል እሾሃም ዛፍ የመስኖውን መሬት ወርሮት ሰው ሁሉ እያስመነጠረው ነበር። ይህን እኔ ምን አውቄ! «ደሳለኝ የታለ?» ሲባል እናቴ «መስኪት ሊቆርጥ ሄዷል» ትላለች፤ እኔ የምሰማው መስጊድ ነው። መስጊድ እንዴት እንደሚቆረጥ ሳስብ ከርሜአለሁ። ከጫፉ ጀምሮ ይሆን ወይስ እንደ ዛፍ ከሥሩ? መጨረሻ ላይ አላስችል ቢለኝ የአባቴን የልብ ጓደኛ ጋሽ ኑሩን ያዝኩት። ጋሽ ኑሩ የጎንደር አዲስ ዓለም ልጅ ነው፤ ሶላት የማያሳልፍ ሙስሊም።

«ጋሽ ኑሩ፣ አባዬ መስጊድ ሲቆርጥ አንተ ዝም ትለዋለህ?» አልኩት።

ሳቁ አላስቆም ብሎት የመኖ በርሜሉን ተደግፎ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴን «አንተ መስጊድ ቆራጭ» ይለው ነበር፤ በተለይ ሰው በተሰበሰበበት።

ሁለቱ በመጋዝ ፍቅር ያበዱ ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ኑሩም የራሱ ቀይ መጋዝ አለው። ዓርብ ጠዋት ላሞቹ ታልበው ወተቱ ወደ ገበያ ከሄደ በኋላ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር በርሜል ገልብጠው ይቀመጣሉ። እናቴ በወተት የፈላ ሻይ ታመጣላቸዋለች። መጋዞቹን እንደ እንግዳ መሐል ላይ ያስቀምጧቸውና ወሬው ይጀመራል።

«የኔዋ ገመዷን አንዴ ሲስቧት ነው የምትነሣ» ይላል ጋሽ ኑሩ።

«ለመጮህ ነው እንጅ የምትነሣው! ለመቁረጥማ እኔን ትጠራለህ።»

«ያንተዋ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች።»

«ትጠጣ! ትሠራበታለች። ይልቅ ሰንሰለቷን መቼ ነው የሞረድካት? ይቺ እኮ እንጨት አትቆርጥም፣ ታኝካለች።»

ሰንሰለቷ የምትዞርበትን ረጅሙን ብረት አባቴ «ምላሷ» ይለዋል። «ምላሷን ላጽዳላት» ይልና ሞረዱንና ጨርቁን ይዞ ይቀመጣል፤ በዚያን ሰዓት ቤቱ ቢቃጠል አይሰማም።

መጋዙ ሲያልቅባቸው ወደ ዛፉ፣ ዛፉ ሲያልቅባቸው ወደ ላሞቹ ይሄዳሉ። አባቴ አንድ የማይዋጥለት ነገር ነበረ። የሐጃ ላሞች ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የፈረንጅ ዲቃሎች ናቸው፤ ለግጦሽ አይወጡም። የማሽላ አገዳው ተከትፎ፣ ኡምባዙ ረጥቦ፣ ውሃው ተቀድቶ እዚያው አፋቸው ሥር ይመጣላቸዋል።

«ላም ዕድሜ ልኳን ታስራ ትኖራለች?» ይላል። «እግር የተሰጣት ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ያንተ አገር ላም ቀኑን ሙሉ ገደል ስትወጣ ውላ የምትሰጥህ አንድ ቅል ነው» ይላል ጋሽ ኑሩ። «ይቺ ቆማ ጋን ትሞላለች።»

«ትሙላ! ግን ደስታ ያላት አትመስልም።»

«ፈገግ ስትል ያየሃት ላም አለች?»

ሐጃ ዘይነብ ይህን ጊዜ ከኋላቸው ትደርሳለች። ሰፊ ነጭ ቶብ የለበሰች፣ ግቢውን ብቻዋን የምታስተዳድር ትልቅ ሴት ነበረች። ከሠራተኞቿ አማርኛ ለቃቅማለች፤ ከሁሉ የምትወደው ቃል «ቶሎ ቶሎ» ነው። «የኔ ላም ሥራዋ ወተት ነው» ትለዋለች ግማሹን በዓረብኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። «ሽርሽር የምትፈልግ ላም አገርህ ትሂድ። በል፣ ቶሎ ቶሎ!» አባቴም እየሳቀ ይነሣል።

ያን ዓመት ግን ሐጃ ሳቅ አልነበራትም። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ሰውም መኪናም ይውጣል። ባለፈው ክረምት ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ከርመው ሰኮናቸው በስብሶ፣ ጡታቸው አብጦ፣ አንዳንዶቹ ሞተውባታል። ስለዚህ ቁርጡን ነገረችን። ዝናቡ ሳይቀድማት ከፍ ባለ መሬት ላይ ጠንካራ ምሰሶ ያለው በረት ከቆመ ቆመ፤ ካልቆመ ላሞቹን ሸጣ ግቢውን ልትዘጋ ነው። ግቢው ተዘጋ ማለት እኛም ጓዛችንን ጠቅለን ወጣን ማለት ነው።

አባቴ አላመነታም። «ምስጥ የማይበላው ሱኑጥ ሀዋታ አለ» አላት። ሱኑጥ ወንዝ ዳር የሚበቅል ጠንካራ ግራር ነው። «ፈቃዱን አንቺ አውጪ፣ ምሰሶውን እኔና ብርቱካን እናመጣለን። በረትሽ ካንቺ ልጆች ዕድሜ ያልፋል።» ይህን ሲል ደረቱ እንዴት እንደተነፋ አሁንም ይታየኛል። ፈቃዱ ወጣ። ለጉዞው ሁሉ ነገር ተሰናዳ።

እዚህ ላይ ስለ ፊደል አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። ትምህርት ቤቴ የሱዳን ስለሆነ የማነበውም የምጽፈውም ዓረብኛ ነው። አባቴ «ልጄ የኔን ፊደል ሳታውቅ አታድግም» ብሎ ከሰዓት በኋላ ግንዶቹ መሐል ያስቀምጠኛል። የሚጽፈው እንጨት ላይ ምልክት በሚያደርግበት ጠመኔ ነው፤ ሰሌዳችን የተላጠ ግንድ ነው። አንዱ ግንድ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብሎ ጽፎ «ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» አለኝ።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ልዩነት የላቸውም። ሁሉም ሀ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን ሦስት ሆኑ?»

ትንሽ አሰበና «ለግርማ ሞገስ ነው» አለኝ። «ዝም ብለሽ ያዢ።»

ዝም ብዬ ያዝኩ።

ሀዋታ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው አረንጓዴ ፒክአፕ ግቢያችን ገባ። የደን መርማሪው ነበር፤ ቀጠን ያለ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው። ፈቃዱን የያዘችው ሐጃ ለለቅሶ ወደ ከሰላ ከተማ ሄዳለች። አባቴ ብርቱካንን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ምላሷን ይሞርድ ነበር፤ እኔ አጠገቡ ነኝ።

«ሀሻብ የምትቆርጠው አንተ ነህ?» አለው መርማሪው በዓረብኛ። «ገበያ ላይ ስትናገር ሰምተውሃል።»

ሀሻብ ሙጫ የሚሰጠው ዛፍ መሆኑን በትምህርት ቤት ተምረናል። አስተማሪያችን ያለ ፈቃድ ሀሻብ የሚቆርጥ ሰው የጎረቤቱን ላም በሌሊት እንደሚያርድ ሌባ ነው ብሎናል። አባቴ እንዲክድ በሆዴ ለመንኩት። እሱ ግን ብድግ አለ፤ ፊቱ በራ።

«አይዋ!» አለ። «አዎ፣ እኔ ነኝ! ከኒው ሀልፋ እስከ ሀዋታ እንደኔ የሚቆርጥ ካለ አምጣልኝ። ነገም ለሐጃ ብዙ እቆርጣለሁ!»

መርማሪው እንዲህ እየፎከረ የሚያምን ጥፋተኛ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ብርቱካንን አነሣና መኪናው ላይ ጫናት። ጉዳዩ እስኪጣራ ቢሮ ትቆያለች፣ አንተም አንድም ዛፍ እንዳትነካ ብሎት ሄደ። አባቴ ሞረዱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ምቀኝነት ነው» አለ ለእናቴ። «ሥራ ስለምወድ ቀሙኝ።»

እኔ በአባቴ አፈርኩ፤ ከማንም በላይ የምወደው ሰው የሙጫውን ዛፍ ቆርጦ በዚያ ላይ ይኩራራበታል። ትምህርት ቤት ስለ ሀሻብ ሲነሣ ጠረጴዛው ሥር መግባት ያምረኝ ነበር።

ሰማዩ በመተማ በኩል መጥቆር ጀመረ። ዓርብ ደረሰና ጋሽ ኑሩ መጣ። የተለመደው ቦታ ተቀመጡ፤ መሐላቸው ቀይዋ ብቻ ናት።

«የኔዋን ይዘህ ሂድ» አለው ጋሽ ኑሩ። ያንን ለማለት ምን ያህል እንደከበደው ማንም ያውቅለታል።

«አልሄድም» አለ አባቴ። «ስሜ እዚያ ቢሮ ተቆልፎበት በሰው መጋዝ አልሠራም። ደግሞስ አትንካ ተብዬ የለ? አንተው ፍረደኝ እስቲ ኑሩ። ሰውየው መጣ፤ ሀሸብ ትቆርጣለህ ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት። በመጋዝ ሀሸብ ካልቆረጥኩ ምን ልቆርጥ ኖሯል፣ ዳቦ?»

እኔ ሻዩን ላቀብል መጥቼ ነበር። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጬ ፊቱ ቆምኩ።

«አባዬ» አልኩ፣ «ሀሸብ ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«ሀሸብ ነዋ! እንጨት! ጣውላ! በዓረብኛ እንጨት ሀሸብ አይደል እንዴ?»

«እሱ ኀሸብ ነው!» አልኩት የዓሣ አጥንት ከጉሮሮ እንደሚያወጣ ሰው አድርጌ።

«እኮ! እኔስ ምን አልኩ? ሀሸብ!»

«አይደለም! ኀሸብ! ሰውየው የጠየቀህ ሀሻብ ነው፣ የሙጫውን ዛፍ! ወላሂ አባዬ፣ የሙጫ ዛፍ እቆርጣለሁ ብለህ ነው የነገርከው!»

ጋሽ ኑሩ ግንባሩን በመዳፉ መታ። እሱ ቁርኣን ሲቀራ ያቺን ድምፅ ከጉሮሮው አሳምሮ ያወጣታል፤ ስለ መጋዝ ሲያወራ ግን ከአባቴ አይለይም። «አንተ ደሳለኝ» አለ፣ «የመጋዝህን ምላስ ስትስል የራስህ ዶለዶመ!»

አባቴ አልሳቀም። አንዱን ከአንዱ መለየት አቃተው፤ ለጆሮው ሁለቱም አንድ ናቸው። ያን ጊዜ ነው ጠመኔው ትዝ ያለኝ። ከኪሱ አወጣሁና ግንዱ ላይ ሦስቱን ፊደሎች ጻፍኩ።

«የሙጫው ዛፍ በሀሌታው ነው። ሐጃ ስንል በሐመሩ ነው። አንተ የምትቆርጠው እንጨት በብዙኃኑ ነው። ዓረቦቹ ጋ ሦስቱም የየራሳቸው ድምፅ አላቸው አባዬ። ለግርማ ሞገስ አይደሉም።»

አባቴ ወደ ግንዱ ጠጋ ብሎ ብዙኃኑን ኀ በጣቱ ነካት። «የኔታ እኮ ይህን አልነገሩኝም» አለ። ወደ ጋሽ ኑሩ ዞሮ «አየህ? ልጄ ናት!» አለው። ያፈርኩበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀኝ። አባቴ ሌባ አልነበረም። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሦስታችን በአህያ ጋሪ ወደ ደን ቢሮው ሄድን። እኔ ላስረዳ ብል አባቴ እምቢ አለ። «በልጄ ቀሚስ ተከልዬ መጋዜን አልቀበልም። እኔው እናገራለሁ።» መንገዱን ሙሉ «ኻ፣ ኻ» እያለ ተለማመደ። ጋሪ ነጂው ታሞ መስሎት ውሃ ሊገዛለት ቆመ። ጋሽ ኑሩ ፊቱን በጥምጣሙ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

መርማሪው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ብርቱካን ጥግ ላይ አቧራ ለብሳለች። አባቴ እሷን ሲያይ የተለማመደው ሁሉ ተቀላቀለበት።

«ጀናቡ» አለ ጌታዬ ለማለት፣ «እኔ... ኻ... ኻሻብ... ሀሻብ... ኻሻብ የለም!»

መርማሪው ወደ ጋሽ ኑሩ አየ። አባቴ ቃሉ እምቢ ቢለው በእጁ ተናገረ፤ ጠረጴዛውን በጡጫ ሲመታው የሻይ ብርጭቆው ዘለለ።

«ዳ! ዳ!» አለ፤ ይሄ፣ ይሄ ማለቱ ነው። «ኀሸብ! ኀሸብ ዳ!»

ወጣችለት! እንደ ሱዳን ሰው፣ ከጉሮሮ ሥር! ራሱም ደንግጦ አፉን ያዘ። እኔ ዝም በይ የተባልኩትን ረሳሁት። «አቡይ ቢገጠዕ ኀሸብ፣ ማ ሀሻብ!» አልኩ። አባቴ የሚቆርጠው እንጨት ነው እንጂ ሀሻብ አይደለም። «ምላሱ የሐበሻ ነው።»

መርማሪው ጠረጴዛውን አየ፣ አባቴን አየ፣ መጋዙን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ግን መጋዙን አልሰጠንም። «ቃሉ ተስተካክሏል» አለ። «እጁን ደግሞ ልየው። ለሐጃ የተፈቀዱት ደረቅ ሱኑጦች ያሉት ችግኝ ያስተከልኩበት ቦታ ነው። አብረን ሀዋታ እንሄዳለን። ዛፉ ሲወድቅ ችግኜን ከሰበረ መጋዙ ተመልሶ እዚህ ጥግ ይቀመጣል።»

አባቴ እኔንም ይዞኝ ሄደ። «ያላንቺ ደግሞ ምን እንደምናዘዝ አላውቅም» አለ። ዛፏ ደርቃ የቆመች ትልቅ ሱኑጥ ነበረች፤ ያዘመመችው ወደ ችግኞቹ ነው። ችግኞቹ ከኔ ያጥራሉ፣ በመስመር ተተክለዋል፤ በሁለቱ መስመሮች መሐል ያለው ክፍት መሬት ጋሪ ቢያሳልፍ ነው። ዛፏ ባዘመመችበት ብትወድቅ ሁሉን ትደፈጥጣለች። ጋሽ ኑሩ ቀስ ብሎ «ይቅርብህ፣ ሌላ ምረጥ» አለው። አባቴ ዛፏን ዞራት፣ ሽቅብ አያት፣ አፈር ዘግኖ በትኖ ነፋሱን አየ። እኔ በሁለት እጄ ቀሚሴን ጨብጬአለሁ።

ብርቱካን በመጀመሪያው ስበት ተነሣች። አባቴ ጋሽ ኑሩን ዞር ብሎ አየው፤ በዚያች ሰዓት እንኳ አልማረውም። ዛፏ እንድትወድቅለት በፈለገው በኩል አፍ ከፈተላት፣ ከዚያ በጀርባዋ ገባ። ብናኙ እግሩን ሸፈነው። ጥቂት ሲቀረው መጋዙን አጠፋ፤ ጸጥ አለ። የብረት ሽብልቅ ከቶ በመዶሻ ይመታ ጀመር። ዛፏ አቃሰተች። ጫፏ ከችግኞቹ ላይ ቀስ እያለ ሲዞር አየሁት፤ ከዚያ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተናወጠ።

አቧራው ሲረግብ ሱኑጧ በሁለቱ መስመሮች መሐል ተጋድማለች። ችግኞቹን ነፋሱ ብቻ ነው ያወዛወዛቸው። መርማሪው በመስመሩ እየሄደ አንድ በአንድ አያቸው። ሲመለስ እጁን ዘርግቶ የአባቴን ጨበጠ።

«ማሻአላህ» አለ። «ማሻአላህ ያ ሀሻብ!» አንተ ሀሻብ ማለቱ ነው።

ስሙ በዚያው ጸደቀ። ጭነት መኪናው ምሰሶውን ይዞ ገዳሪፍ ሲገባ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበርና ገበያው ሁሉ «ሀሻብ መጣ!» አለ። አባቴ የተቆጣ ይመስላል እንጂ ደስ ብሎታል። «ብዙኃኑን ኀ በስተርጅና ተምሬ ሳበቃ በሀሌታው ስም አወጡልኝ» እያለ ለሁሉም ያወራ ነበር።

በረቱ ቆመ። ጋሽ ኑሩ በቀይዋ፣ አባቴ በብርቱካን ምሰሶውን ሲያስተካክሉ ግቢው በጩኸት ተሞላ፤ ላሞቹ ግን ማኘካቸውን አላቋረጡም። የመጨረሻው ቆርቆሮ በተመታ ማግሥት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ወረደ። ውጭው ጭቃ ሆነ። ላሞቹ ከፍ ባለው ደረቅ መሬት ላይ ቆመው ያመሰኳሉ። ሐጃ በየምሰሶው እየሄደች በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። አባቴ «ቶሎ ቶሎ» ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ አላለችም። ቶቧን ሰብስባ ከላሞቿ አጠገብ ተቀመጠችና እኛም እንድንቀመጥ በእጇ ጠራችን። እስከዛሬ ከዚያ ቀን የበለጠ በአባቴ የኮራሁበት ቀን የለም።

«ቢት ሚኑ?» ደገመ ጠባቂው። ወጣት ነው፤ ያኔ አልተወለደም ይሆናል።

«ቢት ሀሻብ» አልኩት። የሀሻብ ልጅ።

ሳቀብኝ። ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን በረት አሳየኝ። ቆርቆሮው ተቀይሯል፤ ምሰሶዎቹ ግን እነዚያው ናቸው፣ ጠቁረው፣ ቀጥ ብለው። «ሀሻብማ ያ በረት ነው» አለኝ። «ሰው ሁሉ ሀሻብ ነው የሚለው። ከሀሻብ እንጨት ስለተሠራ ነው አሉ።»

«የለም» አልኩት። «እንጨቱ ሱኑጥ ነው። ሀሻብ አባቴ ነው።»